የተመለሰው ሆራ

ከሚኤሶ ወደ ጭሮ የምትወጣው ሚኒባስ ልትነሳ ስትል ረዳቱ ከበሩ ሥር የቆመውን ቢጫ ጀሪካን አንስቶ ከማሽላው ጆንያ ጋር ጣሪያ ላይ ሊጭነው ሞከረ። የጀሪካኑ ባለቤት ግን እጀታውን ይዘው አልለቅም አሉ።

«ይህ ከእግሬ ሥር አይለይም።»

«ምንድን ነው ሐጂ በክሪ፣ የመካ ዘምዘም ነው?» አለ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሳቀ።

«ዘምዘምስ አይደለም። ጠፍቶ የተገኘ ነው» አሉና ጀሪካኑን በሁለት ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀመጡ።

መስኮቱን ይዛ አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት ስማቸውን ስትሰማ ዞር አለች። ጭኗ ላይ ትናንሽ ጠርሙሶች የተደረደሩበት ሳጥን አቅፋ ነበር። የአብዱልቃዲር ጓደኛ እርሳቸው እንደሆኑ በትሕትና ጠየቀቻቸው። አብዱልቃዲር ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ስሙን ሰው ሲጠራላቸው ግን ዛሬም ልባቸው ይደነግጣል። የማን ልጅ እንደሆነች ቢጠይቋት የልጁ ልጅ ሀዲያ መሆኗን ነገረቻቸው። ጭሮ ከአያቷ ከመይሙና ጋር ትኖራለች፤ ሥራዋ የውሃ ምርመራ ነው። የሚኤሶን የጉድጓድ ውሃ ናሙና ይዛ መመለሷ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ በክሪ። «እኔም የምሄደው ወደ እናንተ ቤት ነው። ይህ ውሃ የአያትሽ ነው። ሆራው ተመልሷል ልጄ።»

ሆራ ማለት ቆላው የሚያውቀው ጨዋማ የማዕድን ውሃ ነው። ከብት ይጠጣዋል፤ ሲጠጣ ሆዱ ይጸዳል፣ ጠጉሩ ያብረቀርቃል፣ ወተቱ ይወፍራል። ሰውም ለሆዱና ለቁርጥማቱ አንድ ኩባያ ይጎነጫል። ሐጂ በክሪና አብዱልቃዲር በጉርምስናቸው ከሚኤሶ በታች ወዳለው ሆራ መንጋ ይነዱ ነበር። ሚኒባሷ ሜዳውን ለቃ ስትጓዝ ሽማግሌው ያንን ዘመን ለልጅቱ ተረኩላት። ከብቶቹ የውሃውን ሽታ ገና ከሩቅ ሲያገኙ ጆሯቸውን ቀስረው መሮጥ ይጀምራሉ፤ ያኔ የሚያግዳቸው የለም። የድሮው ባቡር ሐዲዱን የሚያቋርጥ መንጋ ሲያይ ቀስ ብሎ ያፏጫል፤ መንገደኛውም በመስኮት ብቅ ብሎ እጁን ያወዛውዛል። ሆራው ዳር ነጭ ጨው እንደ ውርጭ ተጋግሮ ይጠብቃል። ከሁሉ አስቀድሞ የሐጂ በክሪ አባት ከውሃው ተጎንጭተው ይመርቃሉ፤ ያለ ምርቃት አንድ ጥጃ እንኳ አይገባም። አብዱልቃዲር መይሙናን ያያት እዚያ ነው፤ የወንድሞቿን ፍየሎች ይዛ መጥታ።

«ከዚያ ያ ጎርፍ መጣ» አሉ። «አንድ ሌሊት ወርዶ ሆራውን አሸዋ አለበሰው። ክረምት ከበጋ ቆፈርን። አያትሽ እስኪሞት ይፈልገው ነበር።»

ሀዲያ ታሪኩን በልጅነቷ ደጋግማ ሰምታው ነበርና ፈገግ አለች። ከዚያ ግን አሁን የት ቦታ እንደተገኘ ጠየቀች።

ሐጂ በክሪም ነገሯት። ጋዝ ፍለጋ የመጣ አንድ ኩባንያ ከሜዳው ወዲያ ምድሩን ሲሰረስር ከርሞ የፈለገውን ያህል አላገኘምና ዕቃውን ጭኖ ሄደ። የቀረው ጥቁር ፕላስቲክ የተነጠፈበት ሰፊ የቆሻሻ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ከድሮው ሆራ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአሸዋው ወንዝ ሥር ጨዋማ ውሃ መንጨት ጀመረ። ከብቶቹ አሸተቱት፤ እንደ ድሮው ጆሯቸውን ቀስረው ሮጡ። ሽማግሌው ያንን ሲያዩ አለቀሱ። የኩባንያው ብረት የሆራውን ጅማት ነክቶ ቀሰቀሰው ብለው አመኑ፤ አላህ በማያውቁት እጅ ያጡትን መለሰላቸው። የእሳቸው ላሞች ከወዲሁ ጠጥተዋል። የቀረው መንጋ በመጪው ሐሙስ በሥርዓት ይገባል፤ መራቂው ደግሞ በአባታቸው ቦታ እርሳቸው ናቸው።

ሀዲያ ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን አየችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ያ ውሃ ሆራ አይመስለኝም» አለች።

«ቀምሰሽዋል?»

«አልቀመስኩም።»

«እኔ ቀምሼዋለሁ። ጨው ነው።»

«ጨው መሆኑማ ነው የሚያሰጋኝ። ጋዝ ፍለጋ ምድር ሲሰረሰር ከጥልቁ ጨዋማ ውሃ አብሮ ይወጣል። ብቻውን አይወጣም፤ ምድር ለራሷ የቀበረችውን ማዕድን ይዞ ይወጣል። ሰዎቹ ደግሞ በበኩላቸው መድኃኒት ይጨምሩበታል፤ አረፋ እንዲያወጣ፣ ብረቱ እንዳይዝግ፣ ድንጋዩን እንዲያላላ። ያ ሁሉ ተቀላቅሎ የሚጠራቀመው እዚያ ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ ነው። ፕላስቲኩ የተቀደደ ይመስለኛል።»

ሐጂ በክሪ ለክርክር የሚያፍሩ ሰው አልነበሩም። በወጣትነታቸው ጥቂት ኪታብ ተምረዋልና ክርክራቸውን ከዚያ ጀመሩ። ዑለማዎቹ ሲያስተምሩ፣ ብዙ ውሃ በነጃሳ፣ ማለት በሚያረክስ ነገር፣ ምክንያት ቀለሙ ወይ ጣዕሙ ወይ ሽታው እስካልተለወጠ ድረስ ንጹህ ነው ብለዋል፤ ጨውነቱ ደግሞ የተኛበት መሬት የሰጠው ነውና አያረክሰውም አሉ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌም ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ።

«ያ ለሶላት ለሚታጠቡበት ውዱእ ነው አባባ» አለች ሀዲያ። «እባብ የተፋበት ወተትም ቀለሙ አይለወጥም። ይጠጡታል?»

«አፍልተን እንጠጣዋለን።»

«የጨው ውሃ ሲፈላ ጨዉ ወዴት ይሄዳል?»

«ድስቱ ላይ ይቀራል» አሉ፤ ከመለሱ በኋላ ግን ባልመለስኩ አሉ።

«ይሄም እንደዚያው ነው። ውሃው ይተናል፤ እሱ ይቀራል።»

«እሺ፣ ጊዜስ? ግመል ሞቶ የወደቀበት ኩሬ እንኳ ፀሐይና ክረምት ሲፈራረቁበት ይጠራል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ግመሉ ስለሚበሰብስ ነው። መሬት የሚበሰብስ ነገር ሁሉ ወዳጇ ነው፤ ትበላዋለች። ከሚጨምሩበት መድኃኒት ግን አንዳንዱ አይበሰብስም። ምድር ውስጥ ያለውን ሙቀት እንዲችል ተብሎ፣ እንዳይጠፋ ሆኖ በሰው እጅ የተሠራ ነው። ፀሐይ አይፈታውም፣ አሸዋ አያጣራውም። ላም ትጠጣዋለች፣ ከደሟ ወደ ወተቷ ይገባል። ወተቱን እናት ትጠጣዋለች፣ ከእናትየው ደግሞ በሆዷ ወዳለው ልጅ ይሻገራል። ዛሬ ጠጥቶ ነገ የሚታመም ሰው የለም። ያ ነው ክፋቱ።»

ሐጂ በክሪ ይህን ሲሰሙ ምራታቸው ፈርዶሳ ትዝ አለቻቸው። መውለጃዋ ደርሷል። ከሆራው መልስ ከታለበው ወፍራም ወተት ጠዋት ጠዋት በእጃቸው የሚሰጧት እርሳቸው ነበሩ። ይህን ግን ለልጅቱ አልነገሯትም። ጀሪካኑን በጉልበታቸው ጠበቅ አድርገው ያዙና ሌላ ጠየቁ።

«እንግዲያው አሁን፣ እዚህ ጀሪካን ውስጥ፣ ያ የምትይው ነገር አለ?»

«አላውቅም።»

«አታውቂም?»

«የጨዉን መጠን ጭሮ ላይ ልለካው እችላለሁ። ሌላው ሩቅ ተልኮ ነው የሚታወቀው፤ ወራት ይፈጃል።»

ሽማግሌው ተዝናንተው ወንበራቸውን ተደገፉ። «አቦ! ሳታውቂ ትከለክያለሽ?»

«እርስዎስ ሳያውቁ ይመርቃሉ?» አለች ሀዲያ።

ሚኒባሷ ዳገቱን ተያያዘችው። ሐጂ በክሪ ተቆጥተው ነበር፤ የተቆጡት ግን ልጅቱ ስለደፈረች አልነበረም። በአባታቸው ቦታ የመቆም ምኞት ዕድሜ ልካቸውን በልባቸው ያደረ ነው፤ ደርሶ በእጃቸው ሊገባ ሲል አንዲት ልጅ ከሳጥንና ከጠርሙስ ጋር መንገዱ ላይ ቆመችባቸው። ሰው የሚጠላውን ነገር አገላብጦ ይመረምራል፤ የሚወደውን ግን እንዳያጣው ስለሚፈራ ዓይኑን ጨፍኖ ያቅፈዋል። ናፍቆት ደግ ነገር ነው፤ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ግን ሁሌም ለአንድ ወገን ይፈርዳል።

ጭሮ መናኸሪያ ሲደርሱ ሀዲያ ባጃጅ ጠራች፤ ጀሪካኑን ላግዝዎ ብትላቸው እምቢ አሉ። ከጫት ተራው በላይ ካለው ቤት ደጃፍ ላይ መይሙና ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ሰንብቷል፤ በክሪን ያወቋቸው በሳላቸው ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ አልሞትክም?»

«ያንቺን ቀብር ሳላይ የት እሄዳለሁ?» አሉ ሐጂ በክሪ።

ሰላምታው ሲያበቃ ወሬውን ነገሯቸው። መይሙና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ስለ ባቡሩ ጠየቁ፣ ስለ ዋርካው ጠየቁ፣ አብዱልቃዲር ተቀምጦ ፍየሎችሽን ልቁጠርልሽ እያለ ሆን ብሎ ሲሳሳትበት የነበረው ድንጋይ እንዳለ ጠየቁ። ድንጋዩ አለ ሲሏቸው ደስ አላቸው። ከዚያ ኩባያ እንዲሰጧቸው አዘዙ።

ሀዲያ ወደ ሐጂ በክሪ አየች። አያቷን ለማስቆም አፏን ከፍታ ነበር፤ ነገር ግን ቃሏን ዋጠች። ዳኝነቱን ለእርሳቸው መተዋ ሽማግሌውን ከክርክሯ ሁሉ ይልቅ ከበዳቸው። የእርሳቸው እጅ ጀሪካኑን አዘንብሎ ኩባያውን ሞላ። ጥርት ያለ ውሃ ነው። መይሙና ኩባያውን ተቀብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ቆም አሉ።

«ንቦቹስ? ንቦቹም ተመለሱ?»

«የምን ንቦች?»

«የሆራው ናቸዋ! እነዚያ ከዳሩ ጨው የማይለቁት። አንዷ ከንፈሬን ነድፋኝ አብዱልቃዲር ሳምንት ሙሉ ሲስቅብኝ አልነበር? አባትህስ ቢሆኑ፣ ንብ ያላረፈበት ሆራ አልከፍትም ብለው ከብቱን አንድ ክረምት ሙሉ ማስጠበቃቸውን ረስተኸዋል?»

ሐጂ በክሪ አልረሱትም። ወይም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የረሱት አልመሰላቸውም ነበር። የአዲሱን ውሃ ዳር በሐሳባቸው ዞሩት። ነጭ ጨው አለ። የከብት ኮቴ አለ። ንብ ግን የለም፤ ቢራቢሮ የለም፤ ከዳሩ የወጣ አንድ ሣር እንኳ የለም። ደጋግመው እዚያ ሄደዋል፣ ተቀምጠዋል፣ አልቅሰዋል፤ ያዩት ግን የድሮውን ሆራ እንጂ ፊታቸው ያለውን ውሃ አልነበረም።

መይሙና ኩባያውን ወደ ከንፈራቸው አነሱ። ሐጂ በክሪ እጃቸውን ዘርግተው ወሰዱባቸው።

«ተይው» አሉ። «ተይው መይሙና። የእኛ አይደለም።»

ሐጂ በክሪም ወደ ልጅቱ ዞረው፣ «ንብ የለውም» አሏት፤ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው ሳይሆን ምስክርነት እንደሚሰጥ ሰው።

ሀዲያ ይህንን እንደ ድል ልትይዘው ትችል ነበር፤ አልያዘችውም። «አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ንብ አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነገ ንብ መጥቶ ቢያርፍበትም እኔ ክፈቱት አልልም። አባትዎ አንድ ክረምት መጠበቃቸው ለዚያ ዘመን ውሃ ይበቃ ነበር፤ የዚህን ክፋት ግን ንብም ላምም አይነግረንም። ልማዱ የሚያስተምረን መጠበቅን ነው። መለየቱን ደግሞ ለመሣሪያው እንተወው።»

ሐጂ በክሪ ስልካቸውን አውጥተው ልጃቸው ጋ ደወሉ። ፈርዶሳ ከዚያ ወተት ከእንግዲህ አንድ ጉንጭ እንዳትቀምስ፣ ከጉድጓድ ውሃ ከሚጠጡት የጎረቤት ፍየሎች እንዲታለብላት አዘዙ። ልጃቸው ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ «ስመጣ እነግርሃለሁ፤ አሁን ኩባያውን ከእጇ ውሰድ» አሉና ዘጉ።

ከዚያ የኩባያውን ውሃ ወደ ጀሪካኑ መልሰው፣ ጀሪካኑን አንጠልጥለው ወጡ። ከግቢው ጥግ ካለው ፓፓያ ሥር ሊደፉት ሲያጋድሉት ሀዲያ ተከትላ እጃቸውን ያዘች።

«አይድፉት።»

«አልጠጣውም፣ አላጠጣውም። ልድፋው እንጂ!»

«ከደፉት ፓፓያው ሥር ይቀመጣል። ከፓፓያው ወደ እኛ ይመጣል።»

«እንግዲያው መንገድ ላይ።»

«ከመንገዱ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ወንዝ ይገባል።»

«ታዲያ የት ላድርገው?»

«እሱን እኔም አላውቅም አባባ» አለች። «እዚህች ሀገር ላይ የሚደፋበት ቦታ እስካሁን አላገኘሁለትም።»

ሐጂ በክሪ ጀሪካኑን ቀና አድርገው ክዳኑን አጠበቁት። በመንገድ ላይ የተነገራቸው ሁሉ፣ የጨዉም፣ የድስቱም፣ የግመሉም፣ ያን ጊዜ ገባቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ሲጎድል እንጂ ውሃ የሚደፋበት መሬት ሲጠፋ አላዩም።

ሐሙስ ዕለት ሰዉ መንጋውን ይዞ ከአሸዋው ወንዝ ዳር ተሰበሰበ። ሀዲያም ባልደረቦቿን ይዛ ወርዳ ነበር፤ ነገር ግን ንግግሩን ለሐጂ በክሪ ተወች። እርሳቸውም በአባታቸው ቦታ ቆሙ። አልመረቁም። ሆራው ዝግ ነው አሉ። ጃዕፈር የሚባል ብዙ ግመል ያለው ሰው በትሩን ተደግፎ፣ «ሐጂ፣ አንድ ቀን ጭሮ ቢያድሩ ከተሜ ሆነው ተመለሱ?» አላቸው፤ ሰዉ ሳቀ። ከብቱ ወዶ የሚጠጣውን ሰው ምን አግብቶት ይከለክላል፣ እንስሳ መርዙን ያውቃል ሲልም ተከራከረ።

«እንስሳ ጨውን ያውቃል» አሉ ሐጂ በክሪ። «እኔም የማውቀው ጨዉን ብቻ ነበር። ጃዕፈር፣ ንብ አሳየኝና ልስማህ።»

ጃዕፈር የውሃውን ዳር ዞረ። ሌሎችም ተከትለውት ዞሩ። ረጅም ዙር ነበር። ሲመለስ ከግራሩ የእሾህ ቅርንጫፍ ቆርጦ ወደ ውሃው ዳር ጎተተ። ሌላው ተከተለ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አሸዋው ዙሪያውን በእሾህ ታጠረ፤ እሾህ የታጠረበትን ውሃ ደግሞ በዚያ አገር ባለጌ እንኳ አይደፍረውም።

ከወራት በኋላ የምርመራው ውጤት መጣ። ሀዲያ የፈራችው ነገር ውሃው ውስጥ ነበር፤ ያልጠረጠረችው ዓይነት ከባድ ማዕድንም ተገኘበት። ሽማግሌዎቹ ውጤቱን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ተመላለሱ፤ ኩባንያው በብዙ ጭቅጭቅ ቦቴ ልኮ ከጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ የቀረውን ቀዳ። አሸዋው የጠጣውን ግን ማንም ሊቀዳው አልቻለም፤ አጥሩም በየክረምቱ ይታደሳል። ለከብቱ የጨው ድንጋይ ከገበያ ይመጣል፤ የሚጠጣውም ከተመረመረው ጉድጓድ ነው። ወተቱ እንደ ሆራ ዘመን ባይወፍርም፣ በሚኤሶም በጭሮም የሚገዛው ሰው ሳይሰጋ ይጠጣዋል። አዲስ ውሃ ሲገኝ ሰዉ መጀመሪያ ዳሩን ይዞራል፣ ቀጥሎ ሀዲያ ጋ ይደውላል፤ ሁለቱ ሳይሆኑ ምርቃት የለም። ፈርዶሳ ሴት ልጅ ወለደች። ቀድሞ የጠጣችው ያ ወተት በልጅቱ ላይ ምን እንዳደረገ የሚያውቅ የለም፤ ሐጂ በክሪ ልጅቱን ባቀፏት ቁጥር ይህን ያስባሉ። ቢያንስ ከዚያ በላይ እንዳትጠጣ አስቁመዋል።

ጀሪካኑ እስካሁን በሀዲያ የሥራ ክፍል ጥግ፣ ክዳኑ ታሽጎ ተቀምጧል። ሐጂ በክሪ ጭሮ በወጡ ቁጥር ጎራ ብለው እጀታውን ይዘው ቀና ያደርጉታል። አንድ ቀን ከዚያ ወደ መይሙና ቤት ሄደው እንደተለመደው ስለ ድሮው ሆራ ሲጨዋወቱ፣ ያ ጎርፍ ባይመጣ ኖሮ ብለው ተቆጩ።

«ያኛው ውሃ እንዴት ነው?» አሉ መይሙና።

«እንዳመጣሁት ነው። ጠብታ አልጎደለ፣ አልተለወጠ።»

አሮጊቷ በደከመ ዓይናቸው ወደ ደጁ አዩ።

«የእኛን በአንድ ሌሊት ጎርፍ ወሰደው» አሉ። «ተወው በክሪ፣ አትቆጭ። ደግ ነገር መሄድ ያውቅበታል።»